የገበሬው ማሳና የወፎቹ ማደሪያ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)




የንግግራችን አርእስት ስለ ወፎች መሆኑ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን ፈገግ ማለታቸውን ሰምተናል። «አገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ ሳለች እናንተ ስለ ወፍ ልታወሩ ነው?» ያሉንም አልጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ አናልፈውም፤ ነገር ግን መልሱ በቦታው እንዲመጣ ለጊዜው ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

አበው «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላሉ። ይህን ተረት ብዙውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ሰው ልማድ ስንናገር ነው። ዛሬ ግን ቃሉን እንዳለ ወስደን፥ የወፏ አገር የትኛው ነው? ብለን ለመጠየቅ እንወዳለን። ብዙዎቻችን የምንመልሰው «ጫካው ነዋ!» ብለን ነው። ጫካው ሲመነጠር ወፉ ይጠፋል፥ እርሻ ባለበት ወፍ የለም፥ ገበሬና ወፍ ጠላቶች ናቸው የሚል አሳብ በአእምሯችን ተቀርጿል። ይህ አሳብ ግማሹ እውነት ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለ ቀረው ግማሽ ነው።

ከመካከላችን አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ፊደል ከመቁጠራችን በፊት የተማርነው ትምህርት ቢኖር ወፍ ጥበቃ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ በማማ ላይ ወጥተን፥ ወንጭፍ ጨብጠን፥ ከንጋት እስከ ምሽት ስንጮኽ ውለናል። ስለዚህ ወፍ በእህል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሳናውቅ የምንናገር አይምሰላችሁ። ነገር ግን በዚያው በማማችን ላይ ሆነን ሌላም ነገር አይተናል። እህላችንን የምትበላው ወፍ አንዲት ወይም ሁለት ዓይነት ስትሆን፥ በዙሪያችን የሚበርሩት ግን ብዙ ዓይነት ነበሩ። አንዱ ትል ይለቅማል፤ አንዱ አይጥ ያድናል፤ ሌላው በከብቱ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ሁሉንም በአንድ ወንጭፍ ነበር የምናባርራቸው።

በአገራችን ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከነዚህም ውስጥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማይገኙ አሉ። ከነዚህ ብርቅ ወፎች ብዙዎቹ የሚኖሩት ሰው ባልረገጠው ጫካ አይደለም። ገበሬው ለብዙ ሺህ ዓመት ባረሰውና ከብት ባሰማራበት ደጋ ላይ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ነገሩን ለመረዳት አንዲት ወፍ ለመኖር ምን እንደሚያስፈልጋት ማሰብ ይበቃል። ምግብ ያስፈልጋታል፤ ጎጆ የምትሠራበት ቦታ ያስፈልጋታል፤ ጭልፊት ሲመጣ የምትሸሸግበት ቁጥቋጦ ያስፈልጋታል። ይህም ሁሉ ለአንድ ወር ሳይሆን ዓመቱን በሙሉ፥ ክንፏ በሚደርስበት ርቀት ውስጥ መገኘት አለበት። አንድ ወጥ የሆነ ሰፊ የስንዴ ማሳ ለሁለት ወር ምግብ ቢሰጥ ለዐሥር ወር በረሃ ነው። የቀድሞው የእርሻ አገር ግን አንድ ወጥ አልነበረም። እዚህ ገብስ፥ እዚያ ባቄላ፥ ከዚያ ወዲህ ጠፍ መሬት፥ ከታች ጨፌ፥ ከላይ የድንጋይ ካብ፥ በመካከሉ አንድ ጽድ ወይም አንድ ወይራ ቆሞ ይታያል። አንዱ ሲታጨድ ሌላው ያብባል፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ርጥብ ይሆናል። የወፎችን ዓይነት የሚያበዛው ይህ ጉራማይሌነት ነው። ሣር ውስጥ የምትፈለፍል ወፍ ሣር ታገኛለች፤ በድንጋይ ክምር ውስጥ የምትጎጅ ድንጋይ ታገኛለች፤ ከፍ ብሎ ማደን የሚወድም ዛፍ ያገኛል።

ይህንን ለማየት ጥቂት ሆነን ከደብረ ብርሃን ወጣ ወዳለ የገጠር ቀበሌ አንድ ቀን ማለዳ ሄደን ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳቸውን አስጎበኙን። በሁለት ማሳ መካከል አንድ እርምጃ ያህል ሣር የለበሰ ወሰን አለ፤ ቆቅ ጫጩቶቿን አስከትላ ከዚያ ወጣች። በፈሰሱ ዳር ቁጥቋጦ አለ፤ ድንቢጦች ተንጫጩበት። በማሳው ጥግ የቆመው ጽድ ላይ አንድ ጭልፊት ተቀምጦ ወደ ገብሱ ይመለከት ነበር። እኛም ወፎቹን በማየታችን ደስ ብሎን፥ «አባባ፥ ይህን ዛፍ ለወፎቹ ብለው ነው የተዉት?» ብለን ጠየቅናቸው። ሽማግሌው ሳቁብን። «ኧረ ልጆቼ፥ ለጥላ ነው የተውሁት! በሬዎቹ ያርፉበታል፤ እኔም ምሳዬን እበላበታለሁ። ወፏማ ሳትጠራ የመጣች ናት» አሉን። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፥ «ጭልፊቱ ግን ይምጣ፤ አይጡን ይቀንስልኛል» ሲሉ ጨመሩ።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ በዚህ አጭር መልስ ውስጥ የነገሩ ሁሉ ፍሬ ይገኛል። ገበሬው ወሰኑን የተወው ለከብቱ ሣር ሊያጭድ ነው። ዛፉን የተወው ለጥላ፥ ለማገዶና ለእርፍ ነው። ጠፉን የተወው መሬቱ አርፎ እንዲያገግም ነው። የወፎቹ ማደሪያ የተገኘው ከነዚህ ጥቅሞች ጋር ተያይዞ ነው። እንግዲህ ጥቅሙ ሲቀር ማደሪያውም አብሮ ይቀራል ማለት ነው። ማገዶው ከባሕር ዛፍ ሲገኝ ጽዱ ይቆረጣል፤ መሬቱ በማዳበሪያ ሲታረስ ጠፉ ይቀራል፤ ልጅ በልጅ ላይ ሲወለድና መሬቱ ሲከፋፈል ወሰኑ ራሱ ይታረሳል። ይህን ያደረገውን ገበሬ ማንም ሊወቅሰው አይችልም።

ስለ ጨፌው ለብቻው ልንናገር ይገባል። ጨፌ ለእርሻ ስለማይመች ብዙ ሰው ዋጋ ቢስ መሬት አድርጎ ይቆጥረዋል። ነገር ግን የደጋው ብርቅ ወፎች ብዙውን ጊዜ የሚመገቡት እዚያ ነው። ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝያችን ሣሩን የሚግጠው እዚያ ነው። በጉሮሮው ሥር ሥጋ የሚያንጠለጥለውና ማለዳ በጩኸቱ መንደሩን የሚቀሰቅሰው ጋጋኖ ትሉን የሚቆፍረው እዚያ ነው። የአውሮፓና የእስያ ብርድ ሲበረታ፥ ማለት በእኛ በጋ፥ ጭራዋን የምትነቀንቀው ቢጫ ወፍ በሺህ እየሆነች መጥታ በከብቶቹ እግር ሥር ነፍሳት የምትለቅመው በዚሁ መስክ ነው። ሽመላም እንደዚሁ እንግዳችን ነው።

ከእንግዶቹም ሁሉ የአንዱ ታሪክ ሊነገር ይገባዋል። ራሱ መላጣ፥ ላባው ጥቁር፥ መንቁሩ ረጅምና ቀይ የሆነ አንድ የጋጋኖ ዘመድ አለ። ይህ ወፍ በሶርያ ፈጽሞ ጠፍቷል ተብሎ ከታመነ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 በፓልሚራ አጠገብ ጥቂቶቹ ተገኙ። ነገር ግን ክረምታቸውን የት እንደሚያሳልፉ የሚያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሊቃውንት በሳተላይት የሚከተሉት ትንሽ መሣሪያ በጥቂቶቹ ጀርባ ላይ አሰሩ። ወፎቹ አረብያን አቋርጠው፥ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፥ ማረፊያቸው ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የኢትዮጵያ ደጋ ሆኖ ተገኘ። የተገኙትም በግጦሽ መስክና በታረሰ ማሳ ላይ ነው። የእኛ ገበሬ ሳያውቀው ዓለም የሚፈልጋቸውን እንግዶች ሲያስተናግድ ኖሯል። ያ የሶርያ መንጋ ዛሬ የለም፤ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ አልቋል።

ሁለተኛውም ምስክር ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የበርጋ ጨፌ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ከቀሩት ወፎች አንዷ፥ ክንፏ ነጭ የሆነች አንዲት ትንሽ የጨፌ ወፍ፥ በክረምት ዝናብ እዚያ ሣር ውስጥ ትፈለፍላለች። ይህች ወፍ የምትኖረው ሣሩ በሚያድግበት ጊዜ ከብት ሳይገባበት ሲቆይ ነው። ጨፌው ከተጠነፈፈ ወይም ያለ ልክ ከተጋጠ ትጠፋለች። ስለዚህ ሕይወቷ በአንድ መንደር ስምምነት ላይ የተንጠለጠለ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ከደጋው ወርደን ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደ ቡና አገር እንሻገር። እዚያ ገበሬው ቡናን የሚያሳድገው በአገር በቀል ዛፎች፥ ማለት በዋንዛ፥ በሳሳ፥ በብሳና ጥላ ሥር ነው። የአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲና የአገራችን ተመራማሪዎች በጥላ ቡናና በተፈጥሮ ደን ውስጥ ስስ መረብ ዘርግተው ወፎችን እየያዙ፥ እየመዘገቡ፥ መልሰውም እየለቀቁ አጠኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። በጥላ ቡናው ውስጥ የተገኙት የወፍ ዓይነቶች በደኑ ውስጥ ከተገኙት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኑ። በደኑ ውስጥ ከተያዙት ዓይነቶችም ከአንዱ በቀር ሁሉም በቡናው ውስጥ ተገኙ። ይህ ለቡና ገበሬያችን ታላቅ ክብር ነው።

ነገር ግን ቁጥሩን ሰምተን «እንግዲያስ ደኑ ምን ይሠራል?» ብለን እንዳንስት እንጠንቀቅ። ያው ጥናት ሌላም ነገር ተናግሯል። ከጥቅጥቅ ደን በቀር ሌላ ቤት የሌላቸው ወፎች፥ በተለይም በዛፎች ሥር በጨለማው ውስጥ ነፍሳት እየለቀሙ የሚኖሩት፥ በደኑ ውስጥ ይበልጥ በዝተው ተገኝተዋል። ቡና ሲተከል ሥሩ ይመነጠራል፤ ቁጥቋጦው ይነሣል። ስለዚህ የገበሬው የቡና ቦታ ለብዙ ወፎች ሁለተኛ ቤት ነው፤ ለጥቂቶቹ ግን ቤት አይሆንም። ሁለተኛው ቤት የሚያገለግለውም የመጀመሪያው በአጠገቡ እስካለ ድረስ ይመስለናል። ወንድም እኅቶቻችን በሚያደርጉት ክርክር ላይ አንዱን ብቻ ይዘው ሌላውን ሲጥሉ ስለምንሰማ ነው ይህን አጥብቀን የምንናገረው።

ክርክር ካልን ዘንድ ከሊቃውንት መካከል ለአሳባችን የማይስማሙ መኖራቸውን ልንደብቃችሁ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጋናና በሕንድ አገር የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። የጥናቱ አሳብ እንዲህ ነው፦ በጥቂት መሬት ላይ በብርቱ አርሶ ብዙ እህል ማምረትና የቀረውን መሬት ሳይነኩ ለዱር መተው፥ መሬቱን ሁሉ ለሰውና ለወፍ ከማጋራት ይልቅ ለብዙዎቹ ዓይነቶች ይበጃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛም ደን በቀረበት አገር፥ በከፋም ሆነ በኢሉባቦር፥ አሳቡን እንቀበላለን፤ የቀረው ደን በቡና ስም ሊከፈት አይገባም። ነገር ግን አሳቡን እንዳለ ወደ ሰሜኑ ደጋ ማምጣት አይቻልም። አንደኛ፥ እዚያ ደኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በማሳ ባሕር መካከል እንደ ደሴት ቆመው ይታያሉ። ሁለተኛ፥ ከላይ የጠቀስናቸው ዝይና ጋጋኖ የደን ወፎች ሳይሆኑ የሜዳ ወፎች ናቸው። ሜዳው ራሱ ቤታቸው ነው። ሦስተኛም፥ በብርቱ ስላረስን ብቻ የቀረው መሬት በራሱ አይጠበቅም፤ የሚጠብቅ ሕግና ሰው ከሌለ ሁለቱንም እናጣለን።

የአውሮፓ ሕዝብ በዚህ መንገድ ቀድሞን ሄዷል። የሄደበትን አይተን መማር ይገባናል። ቁጥቋጦው ከየወሰኑ ተነቀለ፤ ጨፌው ተጠነፈፈ፤ በጸደይ ይዘራ የነበረው እህል ከብርዱ በፊት መዘራት ስለ ጀመረ፥ ወፎች ብርዱን የሚያሳልፉበት ቃርሚያ ያለበት ገለባ ማሳ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፥ በ28 አገሮች 170 የወፍ ዓይነቶችን የመረመረ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ከ1980 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ውስጥ የእርሻ አገር ወፎች ቁጥር በ56.8 በመቶ ቀነሰ። ከምክንያቶቹም ዋናው የተባይ መድኃኒትና ማዳበሪያ የበዛበት እርሻ መሆኑን ጸሐፊዎቹ አስታውቀዋል።

መድኃኒቱ ወፏን የሚገድላት ሁልጊዜ በመርዙ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሱሴክስ አውራጃ ዲክ ፖትስ የተባለው ሊቅ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእኛን ቆቅ የምትመስል ወፍ ለምን እንደምትጠፋ ሲመረምር ያገኘው ይህንን ነው። መድኃኒቱ አረሙን ገደለ፤ በአረሙ ላይ ይኖሩ የነበሩት ነፍሳት ጠፉ፤ ጫጩቶቹም በተፈለፈሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከነፍሳት በቀር ሌላ ምግብ ስለማይበቃቸው በረሀብ ሞቱ። ማንም አልተኮሰባቸውም። ዛሬ በጤፍና በስንዴ ማሳችን ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ሲረጭ የሚያዩ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያስታውሱ መልካም ነው።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ቀረበልን ጥያቄ እንመለስ። «ሕዝቡ እየተራበ ስለ ወፍ?» ይላሉ። እኛም ሕዝብ ይራብ አንልም። ገበሬው በሬውንና ሞፈሩን ይዞ በድህነት ይኑር፥ እኛም ለዕረፍት እየሄድን ወፉን እንይለት የሚል ካለ፥ የእኛ ወገን አይደለም። ግሪሳ በመንጋ ወርዶ ማሽላውን ሲያራቁት መንግሥትና ሕዝብ ሊከላከሉት ይገባል። ግን ግሪሳ ከ850 አንዱ ነው። ለአንዱ ጥፋት ሁሉን መቅጣት ምን እንደሚያስከትል የቻይና ሕዝብ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 አይጥን፥ ዝንብን፥ ትንኝንና ድንቢጥን ለማጥፋት ታላቅ ዘመቻ ታወጀ። ሕዝቡም ድስት እየደበደበ ድንቢጦቹን ማረፊያ ነሥቶ ፈጃቸው። ድንቢጥ እህል ብቻ ሳይሆን ተባይም እንደምትበላ ሊቃውንት ካሳሰቡ በኋላ፥ በ1960 ስሟ ከዝርዝሩ ተሰርዞ በምትኳ ትኋን ገባ።

ወደ አገራችን የቀረበ ምሳሌ ያስፈለገ እንደ ሆነ፥ በኪሊማንጃሮ ተራራ የቡና እርሻዎች ላይ የተደረገውንና በ2014 የታተመውን ጥናት እንጥቀስ። ወፎችና የሌሊት ወፎች ወደ ቡናው እንዳይደርሱ በመረብ ተከለከሉ። ከዚያ ሲነጻጸር፥ እነሱ እንደ ልብ በሚገቡበት ቡና ላይ ፍሬ የመያዙ መጠን 9 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። በኮስታ ሪካም በ2013 የታተመው ጥናት ወፎች የቡና ፍሬ ቆርቋሪውን ነቀዝ ጉዳት በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። እንግዲህ ወፉ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የእርሻ ሠራተኛ ነው። እሱን አባርሮ በምትኩ ከውጭ አገር በውድ ዋጋ መድኃኒት መግዛት ለድሃ አገር ብልኅነት አይመስለንም።

ክቡራን መምህራንና ጓደኞቻችን፥

ይህን ሁሉ የምንናገረው ገበሬውን ለማስተማር አይደለም። የምንናገረው ለራሳችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚህ አዳራሽ የሚወጡት የእርሻ ባለሙያ፥ መሐንዲስ፥ አስተማሪና አስተዳዳሪ ሆነው ወደ ገጠር ይሄዳሉ። ወሰኑ ይታረስ፥ ጨፌው ይጠንፈፍ፥ ማሳው ኩታ ገጠም ይሁን ብለው ወረቀት ላይ የሚፈርሙት እነሱ ናቸው። ሽማግሌው ገበሬ ሳያስበው ያቆየውን ነገር፥ የተማረው ሰው ሳያስበው ሊያጠፋው ይችላል። የሚያስፈራን ይህ ነው።

ስለዚህ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ማሳ በኩታ ገጠም ሲታረስ ሣር የለበሰ ወሰንና ጥቂት አገር በቀል ዛፍ ይቅር። ጨፌ ከመጠንፈፉ በፊት ሣሩን የሚያጭዱት ሰዎችና በውስጡ የሚኖረው ፍጥረት ይጠየቅ፤ ማለት ይታይ። የአረም መድኃኒት ማሳውን አልፎ ወሰኑን አያጥብ። የቡና ጥላ ዛፍ ያቆየ ገበሬ በገበያ የተሻለ ዋጋ ያግኝ፤ ለሁላችን የሚጠቅመውን ነገር ኪሳራ እሱ ብቻውን ሊሸከም አይገባም።

የመጨረሻው ልመናችን ለተማሪው ነው። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን ወደየትውልድ ቀበሌያችን እንሄዳለን። አንድ ማለዳ ከአባቶቻችን ማሳ ዳር ለአንድ ሰዓት ቆመን ያየነውን ወፍ ሁሉ፥ በአካባቢው ቋንቋ ከሚጠራበት ስሙ ጋር እንጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቦታ፥ በዚያው ሰዓት ደግመን እንጻፍ። ሽማግሌዎችን «ድሮ የነበረ፥ አሁን የጠፋ ወፍ አለ?» ብለን እንጠይቅ። ከየአውራጃው የመጣው ጽሑፍ በዚህ ማኅበር ቢሰበሰብ፥ የትኛው ማሳ ወፍ እንዳበዛና የትኛው እንዳራቆተ ከሌላ አገር መጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን አገር እንማራለን። ለዚህ ሥራ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፤ ማማው እንደሆነ ድሮም የእኛ ነው።